አባዬ፣ ማርሚታህን ዝም ላሰኘው ነው

አባዬ፣

እንዴት ነህ ብልህ መልስ አይመጣም፤ ስለዚህ እኛ እንዴት እንደሆንን ልንገርህ። የሄድከው ከፋሲካ በፊት ነበር። አሁን ሰፈራችን ኒድ ውስጥ ወንዙ ዳር ያሉት ዛፎች ቅጠላቸውን አራግፈዋል።

ቤቱ እንዳለ ነው፤ እኛ ግን ደክሞናል። እማዬ ከጽዳት ሥራዋ ስትመለስ ጫማዋን ሳታወልቅ ወንበር ላይ ቁጭ ትላለች። እኔ ትምህርቱን ዘጠነኛ ላይ አቁሜ ፌኸንሃይም ያለ መጋዘን ውስጥ አውስቢልዱንግ፣ እየሠሩ የሚማሩትን የሙያ ሥልጠና፣ ጀምሬያለሁ። ጠዋት ትራም ውስጥ ቆሜ እተኛለሁ። ጥቁር ልብሳችን ከመታጠብ ብዛት ግራጫ ሆኗል።

ሞተርሳይክልህ ጋራዡ ውስጥ ነው። አምና ያን የጭስ ማውጫ ማርሚታ የገጠምንበት ቅዳሜ ትዝ ይልሃል? የፋብሪካውን አውልቀን፣ አንተ መሬት ላይ ተጋድመህ፣ እኔ መብራት ይዤልህ። ስትጨርስ በጨርቅ ወልውለኸው እንደ ልጅ ሳቅክ። ግን አዲሱ ማርሚታ ጭሱን በቀላሉ ስለሚያስወጣ ሞተሩ ቤንዚን አነሰው። እጅህን ከነዳጁ ባነሳህ ቁጥር ጧ! ጧ! ይል ጀመር። ቤንዚኑን የሚያስተካክል መሣሪያ ያስፈልገዋል አልከኝና የትኛው ይሻላል እያልክ ስታማርጥ ቆየህ። እስከዚያው እኛ ድምፁን ለመድነው። የመንገዱ ማዕዘን ላይ ሁለቴ ሲጮህ እማዬ ወጡን ትጥዳለች፣ እኔ ሳህን አወጣለሁ። ደወል መጫን አያስፈልግህም ነበር።

ባለፈው ወር ጋሽ ዮሐንስ መጡ፤ ያ የአስመራ መካኒክ ጓደኛህ፣ ጡረታ ወጥተውም እጃቸው ከግራሶ ያልጸዳው። ባትሪው እንዳይሞት ብለው አስነሱትና ሰፈሩን አንዴ ዞሩበት። ሲመለሱ ማዕዘኑ ላይ ጧ! ጧ! አለ። እማዬ ሽንኩርት እየከተፈች ነበር። ቀና እንኳ አላለችም፤ ምድጃውን አበራች፣ ድስቱን ጣደች፣ ሦስተኛ ሳህን አወጣች። ከዚያ ሳህኑን እንደያዘች ቆማ ቀረች። ጋሽ ዮሐንስ በሩ ላይ ከነሄልሜታቸው አዩዋትና ሳይገቡ ተመለሱ።

እማዬ በማግስቱ ሞተሩ ይሸጥ አለች። ገዢም አገኘች።

እኔ እምቢ አልኩ። አሥራ ስምንት ሲሞላኝ መንጃ ፈቃድ አወጣለሁ፣ እኔ እነዳዋለሁ አልኳት። አንድ ላይ ይህን ያህል ቃል ከአፌ ወጥቶ አያውቅም። እማዬ የምትፈራው ሞተሩን ሳይሆን ያንን ድምፅ መሆኑን ነገረችኝ። ዝም ካሰኘሽው ይቀመጥ አለች።

እንግዲህ ምርጫህ ለእኔ ደረሰ። ጋሽ ዮሐንስ ሦስት ዓይነት አለ አሉኝ። ርካሹ፣ አየሩ ቀዝቃዛ ነው ብሎ የሞተሩን ኮምፒውተር የሚያታልል ነው። «እሱ ውሸታም ነው ጓለይ፣ ልጄ፣ በጠራራ ፀሐይ ካፖርት ልበሺ የሚል!» ብለው ጣሉት። ሁለተኛው ኮምፒውተሩን ራሱን እንደ አዲስ ማስጻፍ ነው። ያንተ ነገር እንዲህ ከሥሩ እንዲፋቅ አልፈለግኩም። ሦስተኛው ኮምፒውተሩና ቤንዚን የሚረጨው ክፍል መካከል የሚሰካ ትንሽ ሳጥን ነው፤ እንደ ሞተሩ ፍጥነት ቤንዚን ይጨምራል፣ ይቀንሳል፤ ሲፈለግም ይነቀላል። እሱ ይሻለኛል አልኩ። ብቻ ለተሽከርካሪ ምርመራ የሚሆን የፈቃድ ወረቀቱ አብሮት ይኑር አሉኝ። «እዚህ አገር ያለ ወረቀት መሞትም አይቻል!» ብለው ወዲያው አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። እኔ ግን ሳቄ አመለጠኝ። ከሄድክ ወዲህ የመጀመሪያዬ ይመስለኛል።

የሞተር ዕቃ ሱቁ ጋ ስንደርስ እሳቸው ሲጋራ ላጭስ ብለው ውጭ ቀሩ። ሲጋራ እንደማያጨሱ አንተም ታውቃለህ፤ ራሴ እንድናገር ብለው ነው። ሻጩ ለጉልበት ነው ወይስ ለፍጥነት ብሎ ጠየቀኝ። እስከ ጆሮዬ ቀላሁ። ወደ ቤት ሲመለስ ዝም እንዲል ነው አልኩት። ሰውየው አልሳቀም፤ ሄዶ ሳጥኑን አመጣልኝ።

ሳጥኑ ሁለት ዓይነት ማስተካከያ ይይዛል፤ በአንዲት ቁልፍ ይቀያየራል። ጋሽ ዮሐንስ አንደኛውን እንደ ድሮው እንዲጮህ ልተውልሽ ወይ አሉኝ። ብዙ አሰብኩበት። ከተዉልኝ አንድ ቀን ከሥራ ደክሞኝ ስመለስ ቁልፏን እጫናለሁ፤ እማዬም እንደገና ላንተ ሳህን ታወጣለች። አይሆንም፣ ይቅር አልኳቸው።

ነገ ይገጥሙታል። ስለዚህ ዛሬ እማዬ ገበያ ስትሄድ ጠብቄ የጋራዡን በር ከፍቼ አስነሳሁት። ትንሽ ነዳጅ ሰጥቼ እጄን ለቀቅኩ። ጧ! ጧ! ስልኬ ኪሴ ውስጥ ነበር፤ ግን አልቀዳሁትም። ዓይኔን ጨፍኜ ሰማሁት፣ ከዚያ አጠፋሁት።

አባዬ፣ መንጃ ፈቃዴን ሳወጣ በዚያው መንገድ ነው የምመጣው። ማዕዘኑ ላይ ስደርስ እጄን ከነዳጁ አነሳለሁ፤ ሞተሩ ዝም ይላል፣ እማዬም ሥራዋን ትቀጥላለች። እኔ ግን ሁለቱንም ጩኸቶች በውስጤ እሰማቸዋለሁ።

ልጅህ