ጉሬዛ በሦስት እግሩ

የካቲት 9፣ ቅዳሜ

ውሃ በአራተኛ ቀኑ መጣ። ልብስ አጠብኩ፣ ጀሪካኑን ሁሉ ሞላሁ። የስድስተኛ ክፍል ፈተና ግማሹ እንኳ አልታረመም... ነገ።

እማዬ ፀሐይ ላይ ተቀምጣ ምስር ስትለቅም አረፈደች። ውሻችን ጉሬዛ እግሯ ሥር። ስታወራው ሰማኋት። ስለ ሙቀቱ፣ ስለ ጎረቤት ዶሮ፣ ስለ ጉልበቷ። ረጅም ወሬ። ለእኔ ቀኑን ሙሉ ያለችኝ፦ «ጨው አልቋል።»

ከድባጤ ተፈናቅላ እዚህ አሶሳ እኔ ዘንድ ከመጣች ሦስት ዓመት አለፈ። ወንድሜን ሰራዊትን ታጣቂዎች መንገድ ላይ ገደሉብን። የተረፈን ውሻው ነው። ጥቁርና ነጭ ስለሆነ ጉሬዛ ብሎ ስም ያወጣለት እሱ ነው። ስለ ሰራዊት እማዬ የነገረችኝ አንድ ነገር ብቻ፦ «እዚያው፣ ወዲያው ነው ያረፈ። አልተሠቃየም።» ደግሜ ጠይቄያት አላውቅም። መጠየቅ ነበረብኝ እንዴ?

የካቲት 14፣ ሐሙስ

ጉሬዛን አይሱዙ ገጨው። ከበራችን ፊት ለፊት። ከትምህርት ቤት ስመለስ ሰው ተሰብስቧል። የኋላ ግራ እግሩ... አልጽፈውም። አይጮህም። አፉን ከፍቶ ያየኛል። እማዬ በሩ ላይ ደርቃ ቆማለች፣ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ።

ጎረቤታችን ነዕማ ጆንያ ወርውራልኝ በሱ ጠቀለልኩት። ውሻ አትነካም፣ ሃይማኖቷ ነው። ግን ሮጣ ባጃጅ ያስቆመችልኝ እሷ ናት፣ ወንድና ሴት በማይለየው አማርኛዋ፦ «ቶሎ በል ስርጉት! እሱ ይሞታል! ቶሎ!»

የእንስሳት ክሊኒክ ወሰድኩት። ዶክተር ሙንታሲር አጥንቱን ዳሰሰና ራሱን ነቀነቀ።

«እግሩ አይተርፍም። ወይ እንቆርጠዋለን፣ ወይ በመርፌ እናሳርፈዋለን። አንቺ ምረጪ።»

«ዶክተር፣ ቆርጠው ያውቃሉ?»

«የበሬ ቀንድ ቆርጫለሁ። የውሻ እግር ግን... አልዋሽሽም፣ የመጀመሪያዬ ነው።»

ይቁረጡት አልኩ። ለማን ብዬ? ለሱ ነው ወይስ ለእኛ?

የካቲት 15፣ ዓርብ

ተቆረጠ። ተረፈ። ዶክተር ላቡን እየጠረገ ወጣና «ልቡ ጠንካራ ነው» አለኝ።

ለእማዬ ደውዬ ነገርኳት። ስልኩን ጆሮዬ ላይ ዘጋችው።

የካቲት 17፣ እሁድ

በብርድ ልብስ ጠቅልዬ ቤት አመጣሁት። እማዬ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ነበር። ብርድ ልብሱን ስገልጠው አየችው። የተላጨውን፣ የተሰፋውን።

«አውጪልኝ።»

«እማዬ፣ ጉሬዛ እኮ ነው።»

«ከዚህ አውጪልኝ አልኩሽ!»

ማገዶ የምናስቀምጥበት ክፍል ውስጥ አነጠፍኩለት። ማልቀሴን ያየ እሱ ብቻ ነው።

የካቲት 21

ቁስሉን እንዳይልስ የአሮጌ ባልዲ ቂጥ ቆርጬ አንገቱ ላይ አጠለቅኩለት። ሲዞር ከግድግዳው ጋር ይጋጫል።

ዛሬ ግራ ጆሮውን አሳከከው። ጭንቅላቱን አዘንብሎ ሊያክ ጀመረ... በሌለው እግሩ። የቀረችው ጉማጅ አየር ላይ ትርገበገባለች፣ ትርገበገባለች፣ ጆሮው ጋ የሚደርስ ነገር የለም። ቆም አለ። ዞሮ ወደ ኋላው አየ። ግራ ገባው። ባልዲውን አውልቄ አከኩለት። ዓይኑን ጨፈነ።

ከዚያ በኋላ ምንም ሥራ መሥራት አልቻልኩም።

የካቲት 25፣ ሰኞ

መቆም ይሞክራል፣ ሲሚንቶው ያንሸራትተዋል። ሁልጊዜ ወደ ግራ ነው የሚወድቀው። ጆንያ ዘርግቼ ዳርዳሩን በድንጋይ ያዝኩት። ፎጣ በሆዱ ሥር አሳልፌ ሁለቱን ጫፍ ወደ ላይ እይዝና ወገቡን እደግፈዋለሁ። ዶክተር ያሳየኝ ነው። ዛሬ አምስት እርምጃ።

ማንጎው ሥር ደርሶ ሊሸና እግሩን አነሣ። ያለችውን አንዷን የኋላ እግር! ከፎጣው አምልጦኝ ተዘረጋ። ራሱ ላይ ሸና። ሳጥበው ፊቱን አዞረብኝ። ውሻ ያፍራል እንዴ? ያፍራል።

ቀና ስል እማዬ በመስኮት ታየናለች። ሳያት መጋረጃውን ጣለችው።

የካቲት 29

ስፌቱ ወጣ። እማዬ አሁን ለማንም አታወራም። ቤቱ ጭር ብሏል።

መጋቢት 3፣ ማክሰኞ

የእኛም የእነ ነዕማም ጾም ትናንት በአንድ ቀን ገባ። ቤታችን አጥንት የሚባል የለም፣ ጉሬዛ ደግሞ ጎኑ ተቆጥሮ ያልቃል። ምሽት ላይ ነዕማ ካፈጠረች በኋላ በአጥሩ በኩል ፌስታል አቀበለችኝ።

«ለውሻ ነው። እኔ አልነካም። ግን እንስሳ ማስራብ ሐራም ነው ወላሂ።» ቀጥላ፦ «እናት እንዴት ነው?»

«ዝም ብላለች።»

«ዝም... እሱ ጥሩ አይደለም።»

መጋቢት 11፣ ረቡዕ

ያለ ፎጣ እስከ ቧንቧው ሄደ! እየነጠረ፣ እየተንገዳገደ፣ ግን ራሱ! እልል ልል ነበር። ደስታዬን ሳልጨርስ የሰፈር ውሾች መጡ። ድሮ ሲያዩት የሚሸሹት ናቸው። ከበው ጣሉት። በድንጋይ አባረርኳቸው። አንገቱ ደምቷል። ጭራውን ቆልፎ እግሬ መሀል ገባ። ጉሬዛ... እንዲህ ሆኖ አያውቅም።

ቤት ገብቼ እማዬ ላይ ጮህኩ። «የልጅሽ ውሻ ነው! አንድ ቀን እንኳ ወጥተሽ አታይውም? እንዴት እንዲህ ጨከንሽ?»

«አዎ፣ ጨካኝ ነኝ» አለች። ቀስ ብላ። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

መጋቢት 12

ቢከብድም ልጻፈው።

ጠዋት ልወጣ ስል ያዘችኝ። «ተቀመጪ።» ተቀመጥኩ።

«ሰራዊት ወዲያው አልሞተም። እግሩን ነው የመቱት። ግራውን።»

ቦርሳዬን መሬት አስቀመጥኩ።

«አዘልኩት። ወደቅን። ተነሣን፣ ደግሞ ወደቅን። ሰዎቹ እየመጡ ነው፣ ተኩሱ ይሰማል። ዋርካ ሥር አስቀመጥኩት። ‘አንቺ ሂጂ፣ እኔ ጉሬዛ አለልኝ’ አለኝ።» ነጠላዋን እየጠመዘዘች። «ሄድኩ። ማንም አልጎተተኝም ስርጉት። በገዛ እግሬ ነው የሄድኩ።»

«ጉሬዛ በአራተኛው ቀን ቻግኒ የተፈናቃዮች መጠለያ ድረስ መጣ። ብቻውን። ያን ጊዜ ነው ያወቅሁ። አሁን ያን እግር ሳይ...» አልጨረሰችውም።

ትምህርት ቤት አልሄድኩም። ምን ይባላል? ደግ አደረግሽ ይባላል? አጠገቧ ተቀምጬ ዋልኩ። ሦስት ዓመት ሙሉ ይህን በሆዷ ይዛ... እኔ ደግሞ ጨካኝ አልኳት።

መጋቢት 14፣ ቅዳሜ

ከገበያ ስመለስ ቤት ውስጥ አጣኋት። ማገዶው ክፍል ገብታ መሬት ላይ ተቀምጣለች። ጉሬዛ ጭኗ ላይ። ጉማጁን ቫዝሊን ትቀባዋለች። ትቀባለች፣ ታለቅሳለች። እሱ እጇን ይልሳል። አላዩኝም። በሩን ቀስ ብዬ ገጥሜ ተመለስኩ።

መጋቢት 27፣ ዓርብ

ፎጣው አያስፈልገውም። ግን ወጣ ሲል እማዬ ዱላዋን ይዛ ትከተለዋለች፤ የሰፈር ውሾችም ዱላዋን አውቀውታል። እሷ ጉልበቷ፣ እሱ እግሩ... ሁለቱም በየአሥር እርምጃው ያርፋሉ። «ቀስ በል። ማን ያስቸኩልሃል?» ትለዋለች። ለሽንት እንደ ሴት ውሻ ቁጢጥ ማለት ለምዷል። ግራ ጆሮውን የምታክለት እሷ ሆናለች። ሲፈልግ መጥቶ ጉልበቷ ላይ ያስደግፈዋል።

እራት ላይ ድንገት፦ «አፈር ያለበሰው ይኖር ይሆን?»

ወንድሜን ማለቷ ነው። «ሄጄ ልጠይቅ?» አልኳት። ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች።

ግንቦት 3፣ ቅዳሜ፣ ድባጤ

ፋሲካን ውለን፣ ርዕሰ መምህሩን አስፈቅጄ መጣሁ። መንገዱ ሦስት ቀን ፈጀ። ቤታችን ግድግዳው ብቻ ቆሟል። ውስጡ ሣር በቅሏል።

ስለ ዋርካው ስጠይቅ ወደ አንድ ገበሬ መሩኝ። ቦዔዝ ይባላል፣ ጉሙዝ ነው። በሩ ላይ ስደርስ ፈራሁ። እውነቱን ልጻፍ፣ ፈራሁት። እሱም የፈራኝ መሰለኝ። የሰራዊትን ፎቶ አሳየሁት። ብዙ አየው። ሚስቱን ጠራና አሳያት። አፏን ያዘች።

«እኔ አገኘ እሱን» አለኝ። «ዋርካ ሥር። እኔ፣ ሚስት፣ ተሸክመን ቤት አስገባን። ደበቅን። ሰው ቢያይ እኛም እንሞታለን። ሁለት ቀን ነበረ። ደም ብዙ ሄደ። ሐኪም የለም፣ መንገድ የለም።»

«ውሻ ነበር?»

«ነበር። ጥቁር፣ ነጭ። ከእሱ አይነሣም። ስንቀብር ቆሞ አየ። ከዚያ ሄደ።»

ሰራዊት የሚያወራው ነገር ነበር ወይ አልኩት። ቦዔዝ መሬት መሬት እያየ፦ «‘እናቴ አመለጠች?’ ይላል። ሁልጊዜ እሱ ብቻ። እኛ ‘አመለጠች’ አልን። አናውቅም። ግን አልን።»

መቃብሩ ማሳው ዳር ነው። ድንጋይ ተደርድሮበታል፣ ዙሪያውን ሲያርስ አልነካውም። ተደፍቼ አለቀስኩ። ቦዔዝና ሚስቱ ራቅ ብለው ቆመው ጠበቁኝ። ስነሣ ሴትዮዋ ልብሴን አራገፈችልኝ።

ግንቦት 8፣ ሐሙስ፣ አሶሳ

ደረስኩ። ከባጃጁ ስወርድ ቀድሞ የመጣው ጉሬዛ ነው። በሦስት እግሩ እየሮጠ! ሲዞር ተንገዳገደ፣ አልወደቀም። እማዬ ከኋላው።

ሳልቀመጥ ነገርኳት። ተሸክመው ቤታቸው እንዳስገቡት። እንደደበቁት። ስለ እሷ እንደጠየቀ፣ አመለጠች እንደተባለ። በሰው እጅ እንደተቀበረ። ትወድቃለች ብዬ ክንዷን ይዣለሁ። አልወደቀችም። እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ፦

«ውሃ አጠጡት?»

ቦዔዝን ይህን አልጠየቅሁትም። ቤቱ አስገብቶ፣ ራሱን አደጋ ላይ ጥሎ፣ ውሃ ይነፍገዋል?

«አጠጡት፣ እማዬ።»

ያን ጊዜ ጮኸች። ሦስት ዓመት ያልጮኸችውን። «ልጄን! ሰራዊቴን!» ደረቷን እየመታች። ነዕማ በአጥሩ በኩል ሰምታ እየሮጠች መጣች፤ ጉሬዛ በሩ ላይ ተጋድሟል፣ ዘላው ገባችና እማዬን አቀፈቻት። ከዚያ ሌሎቹ ጎረቤቶችም መጡ። ማን ሞተ ሲሉኝ ወንድሜ አልኳቸው። መቼ ሲሉኝ ወንበር ላወጣላቸው ገባሁ።

ነገ ጠዋት ዕድሩ ድንኳን ይተክልልናል።