ዕድሜያቸው ያልተነገረ ኮምፒውተሮች

ጥቅምት 4
የጠዋት ቆጠራ፦ ሃያ ስምንት አሮጌ ኮምፒውተሮች ከጅምላ ሻጩ ሱቄ ደረሱ። የሁለቱ ስክሪን ተሰነጣጥቋል። የቀሩት በርተዋል። ከክምሩ ላይ አንዱን አንስቼ አዲሱን ሊኑክስ፣ ኮምፒውተሩን የሚያሠራውን ነፃ ሶፍትዌር፣ ጫንኩበት... ሸጋ። ታላቅ እህቴ እትዬ ለምታስተምርበት ትምህርት ቤት ናቸው። ለርዕሰ መምህሩ "ወንድሜ አያሳፍረኝም" ያለችው እሷ ናት። ኮንትራቷ የሚታደሰውም በዚሁ ወር ነው። በሳምንት አደርሳለሁ አልኩ።

ጥቅምት 6
ዶክተሩ የምንለው ጠጋኝ ከሰዓት መጣ። ሁለተኛውን ሞከረ፣ እምቢ። ሦስተኛውን፣ እምቢ። የቀሩትንም አንድ በአንድ አየ።
"አለቃ፣ ዘመናዊው ባለ ስልሳ አራት ቢት ፕሮሰሰር ያለው ያ ከላይ የነበረው ብቻ ነው። ሌሎቹ የድሮዎቹ ባለ ሠላሳ ሁለት ናቸው። አዲሱ ሊኑክስ እነዚህን ትቷቸዋል።"
ጥሩውን ከላይ መደርደር... እኔ ራሴ ስንት ዓመት የሠራሁት ሥራ አይደል? እንደ ጀማሪ ተሸወድኩ።

ጥቅምት 7
ጅምላ ሻጩ ስልክ አያነሳም።

ጥቅምት 8
ዶክተሩ የቆየ ሊኑክስ ጫነ። ሁሉም ተነሱ። ታዲያ ምን ቸገረኝ? የዚህ ሊኑክስ ዕድሳት ተቋርጧል፤ የደኅንነት ቀዳዳ ቢገኝበት የሚደፍንለት የለም ይላል ዶክተሩ። ኢንተርኔት ላይ ለማንም ሰርጎ ገብ ክፍት ናቸው። ርዕሰ መምህሩ በምን ያውቃሉ? አያውቁም። ሲበላሽ ግን የሚጠሩት እትዬን ነው።
ሱቁን ሁለት ጊዜ ጠረግሁ። የተጠረገ ሱቅ።

ጥቅምት 9
እትዬ ጎራ አለች። አንዱን ከፍታ ጻፈችበት፣ ወደደችው። አዲሱ ሊኑክስ ነው ወይ ስትለኝ ገመድ መጠቅለል ጀመርኩ።
"አንተ፣ ገመድ ስትጠቀልል አውቅሃለሁ። ንገረኝ።"
ነገርኳት። አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። ነገ ርዕሰ መምህሩ ዘንድ አብረን እንሄዳለን፣ ተናጋሪው አንተ ነህ ብላ ወጣች።

ጥቅምት 10
ሳንሄድ ዶክተሩ ደወለ። ለአሮጌዎቹ በጎ ፈቃደኞች እስካሁን የሚያድሱት ቀለል ያለ ሊኑክስ አግኝቷል። በአምስቱ ሞክሮታል፣ ለጽሕፈት ይበቃል። እስከ መቼ ይታደሳል? ቢበዛ ሁለት ዓመት።
ትምህርት ቤት ደርሰን ሁሉንም ተናገርኩ። ርዕሰ መምህሩ እስክጨርስ ሰሙኝና ወደ እትዬ ዞሩ።
"ወንድምሽ ነጋዴ ነው ብለሽኝ ነበር። ነጋዴ እንዲህ ያወራል እንዴ?"
ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም። አሥራ ስምንቱን ለጽሕፈት ክፍሉ ተቀበሉ፤ ስምንቱ ይቅሩ አሉ። ኮንትራቷን ግን ኮምፒውተሮቹ አንድ ወር ሲሠሩ አይቼ ነው የማድሰው አሉ። በሩ ላይ ስንደርስ፣ ወሩን ሙሉ በየሳምንቱ እየመጣህ ታያቸዋለህ አለችኝ እትዬ። እሺ አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ?
ነገ፦ ተለጣፊ ወረቀት መግዛት። በእያንዳንዱ ላይ ዕድሳቱ የሚያበቃበትን ዓመት በጉልህ መጻፍ። ሱቅ ውስጥ ባሉትም ላይ።