የጎማ ላንቃዬና የእሑዱ ቁርባን

ጅቡቲ፣ ሐሙስ፣ ኅዳር ፯ ቀን ፲፱፻፳ ዓ.ም.

ካቶሊክ አልሆንኩም። የባቡር ጣቢያው ሰፈር እንዲህ የሚያወራው ከፈረንሳዊው የጥርስ ሐኪም ደጅ ስለማልጠፋና ከቁርባን ስለራቅሁ ነው። የራቅሁት ግን ላንቃዬ ላይ የበቀለው ዕጢ ተቆርጦ ከወጣ ወዲህ የምጠጣው ሁሉ በቀዳዳው አልፎ በአፍንጫዬ ስለሚወርድ ነው። ቅዱስ ደሙን በአፍንጫዬ ላፍስስ?

ሐኪሙ ቀዳዳውን የሚደፍን የጎማ ላንቃ ሠርቶልኛል። ንግግሬ ተመልሷል፤ ዳዊቴንም ድምፄን ከፍ አድርጌ እደግማለሁ። አሁን የጨነቀኝ ሌላ ነው። ከሥጋ ወደሙ ቅንጣት ጎማው ላይ ቢቀርስ? ዛሬ የንስሐ አባቴን ጠየቅኋቸው።

«እኛስ ጽዋውን አጥበን እጣቢውን አይደል የምንጠጣው?» አሉኝ። «እርስዎም ጎማውን አውልቀው በጸበል ይጠቡትና እጣቢውን ይጠጡ።»

«አባ፣ በሰው ፊት ላንቃዬን ላወልቅ?»

«ነጠላዎን ይከናነባሉ። ደግሞስ በቅዳሴ መካከል ዲያቆኑን ሲያርሙ ሰው ፊት መሆንዎን መቼ አስበውት ያውቃሉ?»

እሑድ እቆርባለሁ።

ቤቴ ገብቼ ጎማውን እንዳደረግሁ ውሃ ተጎነጨሁና አጎነበስሁ። በግራ አፍንጫዬ ጥቂት ወረደ። እሑድም እንዲሁ ቢሆን...

ነገ ማለዳ ፀሐይ ሳትበረታ ሐኪሙ ደጅ እገኛለሁ። በግራው ጠርዝ ጎማ አስጨምራለሁ። እዚያው ፊቱ ውሃ ጠጥቼ አጎነብሳለሁ፤ አንዲት ጠብታ ከወረደች ከወንበሩ አልነሣም።