በሽተኛው ስንት ሌሊት አደረ

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 25 ቀን 1963 ዓ.ም.

ፈተናው ሐሙስ ነው። ኃላፊያችን ዛሬ ጠዋት ባርኔጣቸውን እንኳ ሳያወልቁ በር ላይ ቆመው ነገሩን። ፈታኙ ከአዲስ አበባ ዋናው መሥሪያ ቤት ይመጣል። ከሐረር የሚመረጠው አንድ ሰው ብቻ ነው። እዚያ አንድ ዓመት ተቀምጦ ለኮምፒዩተር ትእዛዝ መጻፍ ይማራል፤ ከዚያ ወዲያ ሥራውም እዚያው ይሆናል።

የተመዘገብነው ሁለት ነን፤ ግርማና እኔ። ግርማ ገና ልጅ ነው፤ ከንግድ ትምህርት ቤት በዲፕሎማ የወጣ። እኔ አርባ አራት ዓመቴ ነው፤ እዚህ ጽሕፈት መኪና ላይ ተቀምጬ አሥራ ሰባት ዓመት ሆነኝ። ስሜን ሲያይ፣ "እትዬ ተዋበች፣ እርስዎ ከሄዱ ደብዳቤያችንን ማን ሊመታልን ነው? ኮምፒዩተሩ?" አለ። ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ለምን እንደሳቅሁ እንጃ።

የማውቀው ሁሉ ከመጠቅለያ ወረቀት የለቀምኩት ነው። ከዋናው መሥሪያ ቤት የጽሕፈት መኪና ሪባን ሲላክልን የሚጠቀለለው በአንድ የተቀዳደደ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ገጾች ነበር። ጭምድዱን በእጄ እያቃናሁ፣ መዝገበ ቃላት አጠገቤ አድርጌ አነበብኩት። ኮምፒዩተር የሚሉት መኪና ምንም አያውቅም ይላል። ሁሉን አንድ በአንድ መንገር ነው። ይህ ከሆነ ወደዚህ ሂድ፣ ካልሆነ ወደዚያ። ግማሹ ገጽ የለም። መጨረሻው ምን እንደሚል አላውቅም።

ለአባባ አልነገርኳቸውም።

ረቡዕ

የሚያስጨንቀኝ፦ እንግሊዝኛዬ። ሶሉ የለቀቀው ጫማዬ። አባባን ማን ያጥባቸዋል፣ ማን ያገላብጣቸዋል።

አምና ሰኔ ላይ ግራ ጎናቸው ከሞተ ወዲህ አልጋ ላይ ናቸው። ቀን ቀን እኔ ቢሮ ስሆን ወተት ሻጯ አዴ ሞሚና አለችላቸው። ጠዋት ወተቷን ኤረር በር ላይ ሸጣ ስትጨርስ እኛ ዘንድ ገብታ ትቀመጣለች። ዛሬ ስገባ እየተሟገቱ ነበር።

"ሞሚና፣ ዛሬም ወተቱን ውኃ አጠጣሽው" ይሏታል።

"ወላሂ ላሟ ናት የጠጣችው! ክረምት አይደለም እንዴ?"

አባባ እስኪያስላቸው ሳቁ። እኔ እንዲህ አስቄአቸው አላውቅም።

በር ድረስ ስሸኛት ጉዳዩን ነገርኳት። ዓመቱን ሙሉ አብራቸው እንድታድር፣ ከደመወዜ እንደምልክላት። ቅሏን አዘለች። "ልጄ ወሯ ገብቷል፤ ስትወልድ ገጠር መውጣቴ ነው። ከዚያ ወዲያ አላህ ያውቃል" አለች። ቀጥላ ደግሞ፣ "አንቺ ግን ፈተናሽን ተፈተኚ" አለችኝ።

ሐሙስ

አለቀ። ደህና ሠራሁ!

ፈታኙ ቀጭን ሰው ናቸው፤ ድምፃቸው ዝቅ ያለ። ጥያቄው አንድ ብቻ ነበር፤ በአማርኛ። አንድ በሽተኛ በዚህ ቀን ሆስፒታል ገባ፣ በዚህ ቀን ወጣ። ስንት ሌሊት አደረ? መልሱን ሳይሆን፣ ምንም የማያውቅ መኪና መልሱን የሚያገኝበትን ትእዛዝ በየተራ ጻፉ። ለማንኛውም በሽተኛ፣ ለማንኛውም ቀን መሥራት አለበት።

የገባበት ወርና የወጣበት ወር አንድ ከሆነ ቀኑን ከቀን ቀንስ። ካልሆነ ወሮቹን ቁጠር፣ በሠላሳ አባዛ፤ የወጣበትን ቀን ደምር፣ የገባበትን ቀንስ። ዓመቱ ከተለወጠ ለእያንዳንዱ ዓመት አሥራ ሁለት ወር ጨምር። ያችን የዓመቱን ነገር በማሰቤ ኮራሁ። ሳስረክብ ፈታኙ ወረቀቱን ገልበጥ አድርገው አይተው፣ "የት ተማሩት?" አሉኝ። መጠቅለያው ላይ ማለት አፍሬ፣ "እንዲሁ፣ በማንበብ" አልኩ።

በፈረስ መጋላ በኩል ዞሬ ለአባባ ብርቱካን ገዛሁ። ልብሰ ሰፊዎቹ እግራቸውን ከመኪናቸው ጋር ሲያርገበግቡ ቆሜ አየሁ። አዲስ አበባ የምከራየውን ቤት ሳይቀር አሰብኩ። መስኮት ያለው።

ዓርብ

ምነው ትናንት ባልጻፍኩ።

ከሥራ መጥቼ አባባን ሳበላ፣ "ተዋቡ፣ ዘንድሮ ጳጉሜ ስድስት ናት፤ ዘመኑ የሉቃስ ነው። ለሩፋኤል ዝናብ ታወጪኛለሽ። አምና ሳልታጠብ አለፈኝ" አሉ።

ማንኪያው እጄ ላይ ቀረ።

ጳጉሜ። ጳጉሜን አላስገባኋትም። ነሐሴ ገብቶ መስከረም የወጣው በሽተኛ በእኔ ስሌት አምስት ሌሊት ይጎድልበታል። በሉቃስ ዘመን ስድስት። ሌላው ሁሉ ትክክል ቢሆን ምን ይጠቅማል?

አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ በዓመት አሥራ ሁለት ጊዜ ደመወዝ ፈርሜ ተቀበልኩ። ለጳጉሜ ደመወዝ የለም፤ ቢሮ ውስጥ ወር አይደለችም። እቤት ግን በየዓመቱ ባዶ እጄን የምገፋት እኔ ነኝ። እንዴት እረሳታለሁ?

አባባ፣ "ምነው፣ ምን ሆንሽ?" አሉ። ምላሴን ተቃጠልኩ አልኳቸው።

ቅዳሜ

ፈታኙ ጠዋት ወደ ድሬዳዋ እንደሚወርዱ ሰምቼ ነበር። ፈረስ መጋላ ስደርስ ታክሲው ውስጥ ናቸው፤ ሻንጣቸው ጉልበታቸው ላይ። በመስኮቱ፣ "ጌታዬ፣ ጳጉሜን ረስቻለሁ" አልኩ። ሰላምታ እንኳ አላቀረብኩም።

ሻንጣቸውን መታ መታ አደረጉ። "ወረቀቱ ታሽጓል፣ እመቤቴ።"

"እንዲታረምልኝ አይደለም። እንዲያው እንዲያውቁት ነው።"

"እንግዲህ ለበሽተኞቹ ቆጥበውላቸዋል፤ አምስት ሌሊት ሳይታመሙ አደሩ" ብለው ፈገግ አሉ። ሹፌሩ ጡሩምባውን ነፋ። ሄዱ። የተናገሩት ለማጽናናት ይሁን ለቀልድ አልገባኝም። ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚቴ ነበር፤ ሶሉም እዚያው ቀረ።

ሰኞ፣ ጳጉሜ 1

ግርማን ምን እንደጻፈ ጠየቅሁት። "ቀላል ነው እኮ፤ ወር ሠላሳ ቀን፣ ዓመት አሥራ ሁለት ወር" አለ፣ ሻዩን እያማሰለ።

"ዛሬ ቀኑ ስንት ነው?" አልኩት።

ብርጭቆውን አስቀመጠ። "ወይኔ፣ እትዬ" አለ፤ "እርስዎስ?"

"እኔም።"

ደስ ይለኛል ብዬ ነበር። አላለኝም። ለእናቱ አዲስ አበባ ልወስድሽ ነው ብሏት ኖሯል። ቀኑን ሙሉ አልቀለደም። ሲመሽ ካፖርቴን ከመስቀያው አውርዶ አቀበለኝ፤ እንዲህ አድርጎ አያውቅም።

ረቡዕ፣ ጳጉሜ 3

ጠዋት ስልክ ተደውሎ ነበር። ከሐረር ማንም አላለፈም። ቦታው ለሌላ ቅርንጫፍ ተሰጠ። ኃላፊያችን ነግረውን ሲያበቁ የሚመታ ደብዳቤ ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩ። መታሁት። አንድም ስሕተት የለውም።

ከሰዓት በኋላ ሰማዩ በሐኪም ጋራ በኩል ጠቆረ። አስፈቅጄ ወጣሁ። አዴ ሞሚና እግራቸውን፣ እኔ ብብታቸውን ይዘን አባባን ግቢ አውጥተን ወንበር ላይ አስቀመጥናቸው። ዝናቡ ወረደ። ሸሚዛቸውን ገልጬ ትከሻቸውን፣ የሞተውን ክንዳቸውን አሸሁ። አጥንታቸው ብቻ ቀርቷል። አዴ ሞሚና ሻሿን ራሷ ላይ አጥፋ ከጣሪያው ሥር ቆመች፤ "እኔንም ነካኝ፣ የእናንተ ዝናብ!" እያለች።

አባባ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ "ሞሚና ነግራኛለች" አሉ።

ክንዳቸውን ማሸቴን ቀጠልኩ።

"ብትሄጂ አለቅስ ነበር። ይኸው ቀረሽ፤ አሁንም አለቅሳለሁ። ዝናብ ነው ብለሽ እለፊው።"

ፊታቸውን ጠረግሁላቸው። ወዲያው ሞላ።

"ከወደቅሁ ስንት ሌሊት ሆነኝ?" አሉ። "ያ መኪናሽ ይህን ያውቃል አሉ።"

እያሸሁ በልቤ ሄድኩበት፤ አንድ በአንድ፣ ከአምና ሰኔ ጀምሬ። ቁጥሩን ነገርኳቸው። ብዙ ነው። ከንፈራቸውን መጠጡ።

"ጳጉሜንስ ቆጥረሻታል?"

"ቆጥሬአታለሁ አባባ። የአምናዋንም፣ የዘንድሮዋንም፣ እስከ ዛሬ።"

"እንግዲያ ልክ ነው" አሉ። ብርድ እስኪያንቀጠቅጣቸው ድረስ አላስገባኋቸውም።