ሥራ ፈትም ባለ ሥራም ስለ ተባለው ስለ ሙላት

ጥር ፲፱ ቀን ፲፱፻፷፪ ዓ.ም.

በመካነ ኢየሱስ የመንገድ ሥራ ሠራተኞች መታከሚያ ክፍል ኃላፊ ለሆኑት ለተከበሩ አቶ ባዩ አለሙ

ክቡር ሆይ፤

እንደምን ሰንብተዋል? እኛ ከሙላት በቀር ሁላችንም እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የእርስዎን ጤንነት እንኳ አልጠራጠርም፤ መድኃኒቱ ሁሉ ከነማሸጊያው በመደርደሪያዎ ላይ ተሰልፎ በመስኮት አይቻለሁና።

እኔ በቤተ ልሔም ዜማ የተማርሁ፣ ዛሬ በገበያው ዳር ለሰው አቤቱታ እየጻፍሁ የምኖር ሰው ነኝ። ይህን ግን የምጽፈው ለእኅቴ ለውብነሽ ባል ለሙላት ነው። ሙላት ወደ ወገዳ በሚወስደው መንገድ ላይ አራት ዓመት ድንጋይ ሲፈልጥ ኖሮ፣ ባለፈው ሰኔ ሥራው ሲቆም ከጓደኞቹ ጋር ተሰናበተ። ይዞ የወጣው የድንጋዩን አቧራ ነው። አቧራውም ደረቱ ውስጥ ገብቶ ከታኅሣሥ ወዲህ ደም ያስተፋዋል። ስለ ተደረገለት ቸርነት ምስጋናችንን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩ኛ. ሙላት ሥራ በፈታ በአምስተኛው ወር፣ በኅዳር፣ የሠራተኛ መታከሚያ ካርዱን ይዞ ደጅዎ ቀርቦ ነበር። በሽተኛ የሚያዩት ድሬሰር ፈቃድ ላይ ስለሆኑ ከገና በኋላ እንዲመለስ በትሕትና ተነገረው። ከገና በኋላ ሲመለስ ደግሞ፣ ከስድስት ወር በላይ ሥራ የፈታ ሰው የመታከም መብት የለውም የሚል ወረቀት ተሰጥቶት ካርዱን ተቀማ። ስድስቱ ወር እስኪሞላ በትዕግሥት ስለጠበቃችሁለት እናመሰግናለን። በሽታው ግን ደንቡን ስላላነበበ ከመብቱ ጋር አብሮ አልቀረም።

፪ኛ. ካርድ የሌለው ሰው በእርስዎው ክፍል በችግረኞች መዝገብ ከተጻፈ በነጻ ይታከማል ተባልን፤ ደስም አለን። ይህንኑ ለማጣራት ጸሐፊዎ አቶ ዋሴ እስከ መንደራችን ድረስ ደከሙ። የደረሱት የጎረቤታችን የወይዘሮ አበራሽ ገብስ በሚወቃበት ቀን ነበርና ሙላትን ዐውድማው ላይ በሬ ሲነዳ አገኙት። ወዲያው፣ ይህ ሰው በወይዘሮ አበራሽ ዘንድ ሥራ ይዟል፣ ስለዚህ ችግረኛ አይደለም ብለው ጻፉ።

ክቡር ሆይ፣ ያ ወንፈል ነበር። አቶ ዋሴ የእስቴ ልጅ ሆነው ወንፈል ምን እንደሆነ ይጠፋቸዋል ብዬ አላምንም። ዛሬ እኔ ላንተ እውላለሁ፣ ነገ አንተ ለእኔ ትውላለህ፤ ደመወዝ የለው፣ አሠሪ የለው። ለሰው ያልዋለ የራሱ ገብስ ሳይወቃ ክምር ላይ ይቀራል። ሙላት መንሽ ማንሳት ስላቃተው ሰዎቹ አዝነው ጅራፍ አስያዙት፤ በሬዎቹንም ሦስት ጊዜ ቁጭ እያለ ነው የነዳው። አቶ ዋሴ ይህን ሁሉ ከዐውድማው ዳር ሆነው የወይዘሮ አበራሽን ጠላ እየጠጡ ተመልክተዋል። ሁለተኛውን ዋንጫ የቀዳላቸው ሙላት ራሱ ነው።

በእኔ እጅ ብዙ የሐሰት ቃል አልፏል፤ አቤቱታ ጸሐፊ ነኝና በቀላሉ አይገርመኝም። ይህ ግን አስጸየፈኝ። ሰው በቀዳው ጠላ ጉሮሮን እያራሱ፣ ያው ሰው ሲያስል እየሰሙ፣ ደህና ሠራተኛ ነው ብሎ መጻፍ ያንገሸግሻል።

፫ኛ. እንግዲህ ሙላት በአንዱ ወረቀትዎ ሥራ ስለሌለው አይታከምም፤ በሌላው ሥራ ስላለው አይታከምም። በሁለቱም ላይ የፈረሙት እርስዎ ነዎት። ወረቀቶቹን ባነበብሁላት ጊዜ ውብነሽ፣ «ታዲያ ምን ቢሆንላቸው ነው የሚያክሙት?» አለችኝ። ጥያቄዋን እንዳለ ጻፍሁት። እርስዎ መልሱን ቢያውቁት እንኳ እንዳይቸገሩ፤ እኛ የምንለምነው ሙላት እንዲታይ ብቻ ነው።

ደንብዎ ከሠራተኞችዎ ዕድሜ ይልቅ እንዲረዝም የፈቀደ አምላክ፣ ለእርስዎም የማያስል ደረትና የማይነጥፍ ማኅተም ይስጥዎ እያልሁ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ የምነሳ፣

ወልደ ጊዮርጊስ፣ የውብነሽ ወንድም

ግልባጭ፦
በገበያው ዛፍ ላይ፣ ማንበብ ለሚችል ሁሉ (ለማይችለው እኔ አነብለታለሁ)

ድኅረ ጽሑፍ፦ ሙላት ከእንግዲህ በእግሩ መምጣት ስለማይችል በመጪው የገበያ ቀን ስምንት ጎረቤቶቹ በቃሬዛ ተሸክመው ደጅዎ ያስቀምጡታል። የሚመጡት በወንፈል ነውና፣ አቶ ዋሴ ስምንት ሰው የቀጠረ ባለጸጋ ነው ብለው እንዳይጽፉበት አደራ። ሙላት ይህን ወንፈል የሚመልስበት ጉልበት እንደሌለው ስምንቱም ያውቃሉ፤ ቢሆንም ይሸከሙታል። ለእናንተ መንገድ ግን አራት ዓመት ውሏል፤ ተራው የእናንተ ነው።