ድንኳኑ የሚወጣው ለሞት ነው

ጥር 18፣ ማክሰኞ ጠዋት

ላሟን አልቤ ጨርሻለሁ። የእድሩን መጋዘን ከፍቼ ድንኳኑን አናፈስኩ። አይጥ አልነካውም። ወንበሮቹም ደህና ናቸው። እኔ ንብረት ያዥ ከሆንኩ ወዲህ ከዚህ ቤት ማንኪያ እንኳ አልጠፋም። ቁልፉ አንገቴ ላይ ነው፣ ስተኛም አላወልቀውም።

ልጄ ብርሃኔ ከአ.አ. ደወለች። የቴሌቪዥን ድራማ ደራሲና ፕሮዲዩሰር ናት። የመጨረሻውን ክፍል እዚህ ሆሳዕና፣ እኔው ግቢ ልትቀርጽ ነው። ጥር ሳያልቅ ካላስረከበች ጣቢያው ሰዓቷን ለሌላ ድራማ ሊሰጥባት ነው። ነይ አልኳት። ምን እንደምትቀርጽ አልጠየቅኩም።

አንተ ደብተር፣ ለዛሬ ይበቃሃል። ይሄ እጅ የለመደው ዶማ ነው።

ጥር 20፣ ሐሙስ ማታ

መጡ። ሁለት መኪና ሙሉ ወጣት። አንዱ፣ ሟች ባለቤቴ ዓለሚቱ የተከለችውን እንሰት እያየ፣ ሙዙ መቼ ነው የሚደርሰው አለኝ። ማታ ቆጮውን ሲያጣጥም ከየትኛው ተክል እንደመጣ ነገርኩት።

ብርሃኔ ከስታለች። በሁለት ስልክ ታወራለች። የጀመረችው እዚሁ ት/ቤት ለወላጆች በዓል አጭር ቲያትር ጽፋ ነው። ከዚያ ለሬዲዮ ጻፈች። ከዚያ ለቴሌቪዥን፣ ሌላ ሰው በሚጠራበት ሥራ ላይ፣ ስሟ ሳይወጣ ብዙ ዓመት። አሁን ድራማው የራሷ ነው። ሲጀምር «ብርሃኔ ሄራሞ» ተብሎ ይጻፋል። ሄራሞ እኔ ነኝ። ጎረቤት ሁሉ ያየዋል፣ መብራት ካልጠፋ።

ከእራት በኋላ ጉዳይዋን አወጣችው። የመጨረሻው ክፍል ለቅሶ ነው፣ የእድሩን ድንኳን ስጠኝ አለች። እምቢ አልኩ። ድንኳኑ የሚወጣው ለሞት ነው። ማን ሞተ? በድራማው እናትየዋ ሞታለች አለች። እሷ የእድሩ አባል አይደለችም አልኳት። ሳቀች። ከዚያ ሳቋን ተወችው።

ጥር 21፣ ዓርብ

ድርሰቱን ጠረጴዛ ላይ ትታው ወጣች፣ አነበብኩት። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው። ቀስ ብዬ ነው የማነበው፣ ያነበብኩት ግን አይጠፋኝም።

እናት ትሞታለች። ልጅ ሩቅ አገር ናት፣ ትዘገያለች። አባትየው ከእድሩ ጋር ተሟግቶ፣ ልጄ ሳትደርስ ይሄ ድንኳን አይነሳም ይላል። ልጅቷ ትደርሳለች፣ ድንኳኑ ውስጥ ትቀመጣለች። አለቀ።

ውሸት ነው። ካቻምና ዓለሚቱ ስትሞት ብርሃኔ ቀረጻ ላይ ነበረች፣ ስልክ የማይሠራበት በረሃ። ስትደርስ አራተኛው ቀን ነው። የእድሩ ሕግ ሦስት ቀን ነው። በሦስተኛው ቀን ማታ ድንኳኑን ያፈረስኩት እኔ ነኝ። በገዛ እጄ አጥፌ ቆለፍኩበት። እሷ ያገኘችው የምሰሶውን ጉድጓድ ነው። ለሚስቴ ብዬ ሕግ ካጣመምኩ ነገ ለሌላው ምን እላለሁ? ልክ ነበርኩ።

ለምን ያልሆነውን ጻፍሽ አልኳት።

«የሆነውንማ ማን ያየዋል፣ አባ» አለች። ስልኳን ይዛ ወጣች።

ጥር 22፣ ቅዳሜ

ድንኳን ተከራይታ አመጣች። ወሩ የሰርግ ነው፣ የተገኘውም የሰርግ ነው። ነጭ ሆኖ ዙሪያውን ሮዝ መጋረጃ አለው። መጋረጃውን ፈትተው ተከሉት። አሁንም ሰርግ ነው የሚመስለው።

ከዚያ የሆነውን ስማ። እዚህ ግቢ የሰርግ ድንኳን ከቆመ ማን ሊዳር ነው? ያለሁት እኔ ብቻ። ምሳ ሳይደርስ ሄራሞ ሊያገባ ነው ተባለ። ባጃጅ ነጂው እንኳን ደስ ያለህ አለኝ። ጎረቤቴ ላምቦሬ ከዘራውን ይዞ መጣ።

«ሙሽራዋ የዶዮገና ልጅ ናት ሲሉ ሰማሁ» አለ።

«ከሰማህ ምን ትጠይቀኛለህ?»

«ሽማግሌ ሆኜ የሄድኩት እኔ ስላልሆንኩ ነዋ!»

ማግባቴ አልከፋውም። ሳይላክ መቅረቱ ነው የከፋው። ድራማ ነው አልኩት፣ አላመነም።

አልቃሾቹ የሰፈራችን ሴቶች ናቸው። ካሜራው ሲነሳ በነጠላቸው ይሸፈናሉ፣ ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። ሳቅ ነው። ደገሙት። አሁንም ሳቅ። ብርሃኔ ተቆጣች። አንዷ፣ ምን እናድርግ ልጄ፣ እዚህ ውስጥ የሚመጣብን እልልታ ነው አለቻት። ዋለች፣ አንድም ነገር ሳትቀርጽ።

ጥር 23፣ እሁድ

የዓለሚቱ እህት ደስታ ከሞርሲቶ መጣች፣ ከቸርች በቀጥታ። ወሬው ደርሷታል። ከመኪናው ሳትወርድ ጀመረች።

«እህቴ የተከለችው እንሰት እንኳ ገና አልተነቀለም! ማንን ነው እንድትፍቀው የምታመጣት፣ አንተ ሽማግሌ?»

እኔ ማብራሪያ አልሰጥም። ብርሃኔ አስረዳቻት። ደስታ ከመኪናው ወረደች። ድንኳኑን አየችው። ገባች፣ መሬት ላይ ተቀመጠች፣ የእህቷን ስም ጠራች። ሴቶቹ ተከተሏት። የድራማዋን እናት የጠራ የለም። ሁሉም ዓለሚቱን ነው።

ካሜራ የያዘው ልጅ ሮጦ ማንሳት ጀመረ። ብርሃኔ አጥፋው አለችው። የሰማ አልመሰለም። አጥፋው አለች፣ እንደገና። ከዚያ ድንኳኑ በር ላይ ቆመች። አልገባችም፣ አልተመለሰችም። ሰው ቤት ሄዶ የት እንደሚቀመጥ እንደማያውቅ እንግዳ።

ሲያበቃ የቀረጻ ልጆቿን ሰበሰበች። ነገ እንሄዳለን፣ ለጣቢያው አልደረሰም እላለሁ አለች። የሰርጉ ድንኳን ተነቀለ። እራት አልበላችም። እኔ በላሁ።

ጥር 24፣ ሰኞ ጠዋት

ላሟ አልታለበችም፣ ትጮሃለች። ትጩህ። ልጆቹ እቃ እየጫኑ ነው።

ጎህ ሲቀድ የእድሩ ሊቀመንበር ቤት ሄድኩ። ድንኳኑን ላወጣ ነው አልኩት። ማን ሞተ አለ። ዓለሚቱ አልኩት። እሷማ ካቻምና ነው፣ እኔም ቀባሪ ነበርኩ አለ። ልጇ ገና መድረሷ ነው አልኩት። ሕጉስ አለ። ሕጉ ሦስት ቀን ነው፣ ሦስት ቀን ይቆማል፣ ከዚያ እኔው አፈርሰዋለሁ አልኩት። ኮቱን ለበሰና ተከተለኝ።

ምሰሶዎቹ ቆመዋል፣ በድሮው ቦታቸው። አፈሩ ገና አልጠነከረም። ላምቦሬም አለ፣ እንደተቀየመ ካስማ ይመታል። ደስታ ሴቶቹን ልትጠራ ሄዳለች።

ካሜራ የያዘው ልጅ ላንሳ ወይ አለኝ። እሷን ጠይቃት፣ ሥራው የሷ ነው አልኩት። ብርሃኔ የመኪናውን በር እንደያዘች ወደዚህ ታያለች። ማንም ምንም አልነገራትም።

አንድ ገመድ ቀርቷል፣ የሚይዝልኝ ሰው ጎድሏል። እሷን ልጠራት ነው።