ጫማ የሚያቀዘቅዘው ፋን ኮይል

ኮርዳድ 19

የኮርዳድ ወር ሳያልቅ ሙቀቱ ገባ። ገና በማለዳው ግድግዳው ትኩስ ነው... ትናንት የጠጣውን ፀሐይ ዛሬ ይተፋል።

ምሳ ሩዝ፣ እርጎ በኪያር። ከድስቱ ሥር የምትወጣው የሩዝ ቅርፊት እንደተለመደው አንዲት ቁራሽ ተረፈች። “ይብሏት እንጂ፣ እትዬ” አልኩ። እህቴ ማህሊቃ “በሞቴ፣ እርስዎ ይብሏት” አለች። በሞቴ፣ አፈር ስሆን ስንባባል ደረቀች። ርግቦቹ በሏት። በሰፈሩ እንደኛ ርግብ የወፈረ የለም።

ምን ይደረግ፣ እናታችን እንዲህ አድርጋ ነው ያሳደገችን። እሷ ታላቄ ናት፣ እኔም ስልሳ ስድስት ሞላኝ፣ ዛሬም አንቱ እንባባላለን። በዚያ ላይ ዕድሜዬን የጨረስኩት ፖስታ ቤት መስኮት ጀርባ ተቀምጬ ነው። ቴምብር ለጠየቀኝ የከተማችን የካሻን ሰው ሁሉ “አገልጋይዎ ነኝ” እያልኩ።

ኮርዳድ 22

ሹኩፌ ከራሽት ደወለች፣ የእትዬ ልጅ። እናቷን ትፈልጋታለች። እኛ ጋ ዝናብ አለ፣ ዛፍ አለ፣ ነፋስ አለ... ለሙቀቱ ጊዜ ብቻ ነይ አለቻት። ቀጥላ ደግሞ፣ ከተስማማሽ እዚሁ ትቀሪያለሽ። ጓዳ ሆኜ ሰማሁ። ጆሮዬን አቁሜ አልነበረም፤ እትዬ ስልክ ስትይዝ ራሽት ድረስ በባዶ አፏ የምትጣራ ይመስላታል።

ልጅቷ አልተሳሳተችም። እትዬ ባሏ ከሞተ ወዲህ እኔ ዘንድ ናት፤ ክፍሏ ምዕራብ ያያል፣ አምና በሙቀት ራሷን ስታ ወድቃለች። ሐኪሙ ዘንድሮም በዚያ ክፍል እንዳትከርም ብሏል።

እራት ላይ፣ “እንግዲህ እኔም ሸክም ሆንኩብዎ” አለች። “ምን ማለትዎ ነው፣ የቤቱ መብራት እርስዎ አይደሉም?” አልኩ። ሦስት ጊዜ አልኩ፣ ወጉ ሦስት ነው። ከዚያ ሻይ ጠጣን። አሁን ሳስበው... ዋናውን ነገር ተናገርኩ? ወይስ እንደ ፖስታ ቤቱ መስኮት ነው የመለስኩላት?

ብትሄድስ? ከማን ጋር ልጨቃጨቅ ነው?

ኮርዳድ 27

ፋን ኮይል ልገዛ ወሰንኩ። አምና የሕንፃችን ነዋሪዎች አዋጥተው ጣሪያው ላይ ውሃ የሚያቀዘቅዝ ማሽን ሰቅለዋል፤ ቧንቧው በደረጃው ወርዶ በየደጁ ቆሟል። ሁሉም ቤቱ አስገብቷል፣ ከእኛ በቀር። ቧንቧውን ከሳጥኑ ማገናኘት ብቻ ነው፤ ሳጥኑ ውስጥ ውሃው በመዳብ ጥቅልል ይዞራል፣ ማራገቢያው ይነፋበታል። በሙቀት ጊዜ ቀዝቃዛ ውሃ፣ በብርድ ጊዜ ሙቅ።

አቅሜ ለአንድ ነው። አንዱ ደግሞ እትዬ ክፍል ይሰቀላል። አለቀ።

ነገርኳት። “ለእርስዎ ነው” ልል አፌን ስከፍት “ለቤቱ ነው” የሚል ወጣ። ለምን? እኔ እንጃ።

ቲር 2

መጣ። ነጭ፣ ረዥም፣ ከባድ። ሰቃዩ እስኪመጣ ሳሎን አስቀመጥነው። እትዬ ዳንቴል አለበሰችው፣ የአበባ ማስቀመጫ ደረበችበት። ወይዘሮ ፋኽሪ ከሦስተኛ ፎቅ መጥታ፣ ጠረጴዛው ያምራል፣ የት ገዛችሁት አለች።

ቲር 5

ዛሬ ተሰቀለ። ተናድጃለሁ፣ ግን ልጻፈው።

ሰቃዩ ኡስታ ያድጋር ይባላል፤ ኡስታ የምንለው ባለሙያን ነው። የአህቫዝ ሰው። ጠዋት መሰላሉን ትከሻው ላይ አድርጎ ገባ፣ ክፍሎቹን አየ፣ የት ልስቀለው አለ። እኔ አፌን ሳልከፍት እትዬ ቀደመችኝ።

“ወንድሜ ክፍል። እሳቸው ልባቸው ደካማ ነው።”

ልቤ ምን ሆነ? ልቤ ደህና ነው። “አይሆንም፣ እትዬ ክፍል” አልኩ። ከልቤ ነው ያልኩት! ይኸው እዚህ ማንም በማያየው ወረቀት ላይ እጽፈዋለሁ፣ ከልቤ ነው። እሷ ግን የሩዙን ቅርፊት የሰጠኋት መሰላት። በሞቴ አለች። በእናታችን አጥንት አልኩ። እሷ በብርድ ጉልበቴን ያመኛል አለች፤ እኔ በነፋስ ጆሮዬን አልኩ። ውሸታችንን ነው፣ ሁለታችንም።

ኡስታ ያድጋር መሰላሉ ላይ ተቀመጠ። ሻይ ሰጠነው። ሐብሐብ ሰጠነው። ምሳ ደረሰ፤ አልበላም አለ፣ ትበላለህ አልነው፣ በላ። ከምሳ በኋላም እዚያው ነበርን። አፉን ጠርጎ፣ “እኛ አገር ሙቀቱ እንዲህ ያለ ይሉኝታ ጊዜ አይሰጥም” አለ፤ ቀጥሎም ለመጨረሻ ጊዜ ጠየቀን።

“እትዬ ክፍል” አልኩ።

“ወንድሜ ሁሻንግ ክፍል” አለች።

ኡስታው እኔን አየ፣ እሷን አየ፣ ቀና ብሎም ጣሪያውን አየ። ከዚያ ተነሥቶ ኮሪደሩ ላይ፣ በሁለታችን በሮች መካከል መሰርሰሪያውን ሰካ። “እኩል ነው። ማንም አይከፋም” አለ።

አይ፣ ተው ማለት ነበረብኝ። ማናችንም አላልንም። እሷ እኔን ጠበቀች፣ እኔ እሷን ጠበቅኩ፤ ይህ ሁሉ ሲሆን ብሎኑ ጠብቋል። ቧንቧዎቹን ገጠመ፣ ሳጥኑ የሚያልበውን ውሃ ማፍሰሻ ዘረጋ፣ ትንሿን ቫልቭ ከፍቶ አየሩን አስወጣ። ሲስስስ አለ፣ ዝም አለ... ከዚያ ቅዝቃዜው መጣ።

የሚነፋው ቀጥታ ወደ ደጁ ነው። ደጁ ላይ ያለው ደግሞ የጫማ መደርደሪያ።

ቲር 6

በካሻን ከተማ እንደኔ ቀዝቃዛ ጫማ ያደረገ ሰው ያለ አይመስለኝም።

ቲር 11

ወይዘሮ ፋኽሪ ሳህን ልትመልስ መጣች። ግቡ አልናት፣ “አይ፣ ለመቆየት አይደለም፣ እዚሁ ቆሜ” አለች። እዚያው ቆማ እስከ ከሰዓት ቆየች። ሰው ሲሸኝ በር ላይ ትንሽ መነጋገር ያለ ነው፤ አሁን ግን ስንብታችን ከጉብኝቱ ረዘመ። ሹራብ እንኳ ይዛ ነው የመጣችው።

ቲር 14

ዛሬም ፋኽሪ። ባሏንም አመጣችው። እሱ ደግሞ ወንበር አመጣ።

ቲር 16

ቀኝ ጫማዬ ውስጥ ውሃ። የማፍሰሻው ቱቦ ያዘመመው ወደዚያ ነው። የግራው ደህና ነው።

ቲር 20

የታየኝ ዛሬ ነው፣ ደደብ ነኝ። እትዬ በሯን ከፍታ ብትተኛ ቅዝቃዜው ትንሽም ቢሆን ይደርሳት ነበር። ግን ኮሪደሩ ላይ ቀኑን ሙሉ ሰው አለ፣ ያውም ወንድ። ሻሿን አውልቃ ጋደም ልትል ስትል በሩን ትዘጋለች። አምና ቢያንስ በሩ ክፍት ነበር። እኔ በገዛሁት ማቀዝቀዣ ምክንያት የእህቴ ክፍል ምድጃ ሆነ!

ምሳ ላይ ፊቷ ቀልቶ ነበር። ምነው አልኩ። ምንም አለች። ውሃ አምጥቼ ግንባሯን ላረጥብላት ስል እጄን ያዘች፤ “አይልፉ” አለች።

የሕንፃውን ሰው እንዴት ብዬ ሂዱ ልበል? “ቤታችሁ ነው” ያልኩት እኔ ነኝ።

ቲር 23

የአውቶቡስ ትኬት ቆርጣለች። የፊታችን ሐሙስ፣ ራሽት።

ልብሷን ሻንጣ ውስጥ ስታጥፍ ገባሁ። ለሙቀቱ ጊዜ ነው አለች፣ ልብሱ ውስጥ ግን የብርድ ካፖርቷ አለ። አየሁት፣ እሷም ማየቴን አየች። “ኮሪደሩ ለእንግዳ ጥሩ ሆኖልዎታል፣ ደስ ይበልዎ” አለች። ምን ማለቷ ነው? ለእንግዶቹ የገዛሁት መሰላት እንዴ? “ለቤቱ ነው” ብዬ የለ... እሷም ከቤቱ ሰው ራሷን አልቆጠረች ይሆን?

“ያለ እርስዎ ቤቱ ጨለማ ነው” አልኳት። “እግዜር ይስጥልኝ፣ ደግ ነዎት” ብላ ካልሲ ማጠፏን ቀጠለች።

ቲር 25

ጠዋቱን በሙሉ መላጫ መስታወቱ ፊት ቆሜ ተለማመድኩ። ይቆዩ እባክዎ... ይህን ቆጣሪ ለሚያነብ ሰውዬም እለዋለሁ። ዓይኔ ነዎት... ለሐብሐብ ሻጩ ብየዋለሁ፣ ትናንት። ነፍሴ ከእርስዎ ትቅደም... ይህን ደግሞ ለማላውቀው ሰው በር ስይዝለት። አንድም ያላገለገለ ቃል የለኝም። ደግ ደጉን ሁሉ ለመንገደኛ ጨርሼ ለገዛ እህቴ ምን ልስጣት?

መስታወቱ ውስጥ ያለው ሽማግሌ የሚያለቅስ ይመስል ነበር። ሳሙና ነው።

ቲር 27

ልጻፈው፣ ሳይረሳኝ። እንዴት ይረሳኛል?

ታክሲው ታች ቆሟል። ሻንጣው ኮሪደሩ ላይ። ፋኽሪ ሹራቧን ለብሳ ወንበሯ ላይ። እትዬ ጫማዋን አደረገች፣ “አቤት እንዴት ይቀዘቅዛል” አለች፣ ቀና አለች። “ብዙ አስቸገርኩዎት። ይቅር ይበሉኝ” አለች።

የኔ ተራ ነው። “ምን አስቸገሩ” ማለት ነው ወጉ። ከዚያ ሁለት ጊዜ መድገም። ከዚያ ከኋላዋ ውሃ መድፋት፣ በሰላም እንድትመለስ። የውሃው ኩባያ እጄ ላይ ነው። አፌን ከፈትኩ።

“አትሄጂም።”

“ምን አሉ?”

“አትሄጂም አልኩ። ራሽት ምን አለሽ? ዝናብ። አንቺ ስላለሽ ነው እንጂ እኔ ሩዝ እንኳ መቀቀል አልችልም። ብቻዬን መብላት አልወድም። ብቻዬን መሆን እፈራለሁ። ይሄን ዕቃ የገዛሁት እንዳትሄጂብኝ ነው። ተቀመጪ።”

ፋኽሪ ወንበሯን ጨብጣ ቀረች። ለታላቅ እህት እንዲህ ብሎ የተናገረ ሰው በቤተሰባችን ሰምቼ አላውቅም። አባታችን ቢሰማ በጥፊ ይለኝ ነበር። ታች ታክሲው ጥሩምባውን ነፋ። ኩባያው ውስጥ ያለው ውሃ ሱሪዬ ላይ ፈሰሰ።

እትዬ ከራሴ እስከ እግሬ አየችኝ። ተቀየመች አልኩ። ከዚያ ሻንጣዋ ላይ ተቀመጠች።

“ይሄን ለመናገር ይሄን ሁሉ ዘመን?” አለች። “እኔ እኮ እስክወጣልህ የምትጠብቅ መስሎኝ... ሹኩፌን ደውይ ያልኳት እኔ ነኝ።”

ተነፋፈጥን፣ ሁለታችንም። በመጨረሻ መሐረቧን ወደ ፋን ኮይሉ ዘረጋች።

“ይሄን ነገር አውርድና ክፍሌ ስቀልልኝ። የኔ ክፍል፣ ያንተ አይደለም። ሲጀመርም እዚያ ነበር የፈለግኩት።”

“ታዲያ ለምን አላልሽም!”

“አንተ ለምን እሺ አላልክም!”

“አንቺ ክፍል ነው እኮ ያልኩት!”

ይህን ሁሉ በጩኸት። ፋኽሪ በመካከል፣ እኔ ታዲያ ከዛሬ በኋላ የት ልቀመጥ ነው አለች። እትዬ ቤትሽ አለቻት። የታክሲውን ሰው ወርጄ ይቅርታ ጠየቅኩት፤ አገልጋይዎ ነኝ አልኩት።

ቲር 30

ኡስታ ያድጋር መጣ። መሰላሉን ሳያወርድ፣ ፊቱ ቅጭም ብሎ፣ “የት?” አለ። ሁለታችንም እኩል “እዚህ” አልን። አላመነም። ማሉ አለ። ማልን። ሻይ ሳይፈላ ክፍሏ ግድግዳ ላይ ሰቅሎ፣ አሁን ማፍሰሻውን ወደ ውጭ አዘመመው። ምሳ ብላ አልነው፣ አልበላም አለ። እሺ አለችው እትዬ። መሰላሉን ይዞ በሩ ላይ ትንሽ ቆመ፤ ርቦት ነበር መሰለኝ።

ሞርዳድ 4

ዘንድሮ የከፋው ቀን። ውጭ ውሻ እንኳ የለም። ክፍሌ ውስጥ ፍራሹ ይፋጃል፤ ከምሳ በኋላ ጋደም ብዬ ብገለባበጥ ብገለባበጥ እንቅልፍ የለም። ተነሣሁ። እትዬ ክፍል በር ላይ ቆምኩ። አንኳኳሁ፣ ገርበብ አደረግኩት፣ ጉሮሮዬን ጠራረግኩ። ልማድ ነው መቼም፣ “ካላስቸገርኩሽ... ተኝተሽ ከሆነ ግን ልመለስ...” ማለት ጀመርኩ።

ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተኝታለች። ዞር እንኳ አላለችም።

“ወይ ግባ ወይ ውጣ፣ ቅዝቃዜውን አስወጣኸው!”

ዕድሜዬን ሁሉ በየቤቱ ደጃፍ በማር በወተት ቃል ስቀበልና ስቀባበል ኖሬያለሁ። እንዲህ ደስ ያሰኘኝ “ግባ” ግን አላስታውስም።

ነፋሱ ከሚወርድበት ሥር፣ መሬቱ ላይ፣ ሁለተኛ ፍራሽ ተነጥፏል። ትራስም አለው። መቼ እንዳነጠፈችው አልነገረችኝም፣ እኔም አልጠየቅኩም። በሩን ዘግቼ ተኛሁ።